የመልካ ጀብዱው ግንብ ርክክብ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥልጠና ማለት አበል ማለት ነው። ሌላው ቢክድ እኔ አልክድም። የግዥ ባለሙያ «ሥልጠና አለ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ነው?» ብሎ ነው። አዳማ ከተባለ ሻንጣውን ያዘጋጃል፤ እዚሁ ድሬ ከተባለ ግን ድንገት እናቱ ትታመምበታለች። እትዬ በለጠች ግን የመንግሥት ግዥና የውል አስተዳደር የሚያሠለጥኑት እዚሁ ከዚራ ሰፈር፣ ጣራው ከፍ ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው፤ ያውም ያለ አበል። ስለዚህ ወዳጃቸው ብዙ አልነበረም።

የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው። አባታቸው ባቡር ከመነሳቱ በፊት የፉርጎውን ብረት ጎማ በመዶሻ እየመቱ ድምፁን የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። ልጅየዋም ያንኑ ጠባይ ወረሱ፤ በእጃቸው ያልነኩትን ነገር አያምኑም። ትምህርቱን የሚጀምሩት በማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትከር ነው። ከሰዓት በኋላማ ድሬ ወይ ትተኛለች ወይ ትቅማለች፤ እሳቸውም አይታገሏትም።

ሌሎች አሠልጣኞች ጨረታ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚከፈት አስተምረው ይሄዳሉ። እትዬ በለጠች «ጨረታ ሠርግ ነው። እናንተ ሠርጉን ትደግሱና ትዳሩን ትረሱታላችሁ» ይሉናል። ትዳሩ ውሉ ነው። ከዚያ በባጃጅ ጭነውን ግንባታ ቦታ ይወስዱናል፤ ውሉን ጮክ ብለን እንድናነብ ያደርጉና እያንዳንዱን ነገር ያስነኩናል። በዚያ ሙቀት ስንቴ በልቤ እንደረገምኳቸው እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ «ሽመክት፣ ክረምቱ ሲያልቅ ልተወው ነው» አሉኝ።

«ምነው እትዬ?»

«ሁሉም ፈተናውን ያልፋል። ርክክብ ቦታ ሲደርስ ግን ይሉኝታ ይይዘውና ይፈርማል። ካሠለጠንኩት ሰው አንድ እንኳ ‹አልረከብም› ሲል ሳላይ ላረጅ ነው። ታዲያ ምን ስሠራ ኖርኩ?»

እውነታቸውን ነበር።

በእኛ አገር ግንባታ ሲያልቅ ፍየል ይታረዳል፣ ሽማግሌ ዱዓ ያደርጋል፣ ከዚያ ይፈረማል። ማንም ለክፋት ብሎ አያደርገውም፤ ደስታ ነው። ነገር ግን ዱዓ የተደረገበትን ቤት ማን ደፍሮ «ጎድሏል» ይላል? የሽማግሌውን ምርቃት እንደ መመለስ ይቆጠራል። ደንቡ መጀመሪያ እዩ፣ ኋላ ተደሰቱ ይላል፤ የእኛ ልማድ ተቃራኒው ነው።

ሰኔ ላይ ፋርቱን እትዬንና እኔን ለርክክብ ጠራችን። የእትዬ በለጠች ሠልጣኝ የነበረች፣ ከድሬ ወጣ ብላ ያለችው የመልካ ጀብዱ ልጅ ናት። ተዳፋት ሥር ለተሠሩት አዲስ የመማሪያ ክፍሎችና ከጀርባቸው ለቆመው የጎርፍ መከላከያ ግንብ የርክክብ ኮሚቴው ሰብሳቢ ተደርጋ በዚያው ሳምንት ተመድባለች። ስንደርስ ከክፍሎቹ ፊት ለፊት ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሥጋውና ሩዙ እየቀረበ ነው። ምርቃቱን የሚሰጡት ደግሞ ሐጂ አብዲቃድር ናቸው፤ የፋርቱን የአባቷ ወንድም፣ ያሳደጓት። «አዴር» ነው የምትላቸው።

ሌላው ሰላምታ ሲለዋወጥ እትዬ በለጠች ወደ ጀርባ ዞሩ። ተከተልኳቸው። ግንቡ ያምራል፤ ልስልስ ያለ፣ የተዋበ ነው። ነገር ግን ከላይ የሚሰርገው ውኃ ወጥቶ የሚፈስበት አንድ ቧንቧ እንኳ የለውም። ውሉ በየሁለት ሜትሩ ይኑር ይላል። ውኃ መውጫ ያጣ ግንብ ደግሞ አንድ ቀን ይገፋና ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ክፍሎቹ ላይ ነው። የድሬ ሰው ጎርፍ ምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም።

ፋርቱን ውሉን በብብቷ ይዛ መጣች። ግንቡን ዳር እስከ ዳር አየችው፤ ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ምን ላድርግ?»

«ውሉ ምን ይላል?» አሉ እትዬ በለጠች። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

«አዴር ለዱዓ እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ እንዴት ብዬ ነው አልፈርምም የምለው?» ከፊት ለፊት ስሟ ተጠራ፤ ሄደች።

እኔ ተናደድኩ። «እርስዎ ይናገሩ እንጂ! እርስዎን ማንም አይቀየምም።»

«እኔ ከተናገርኩ፣ ነገ እኔ በሌለሁበት ማን ይናገራል?» አሉኝ።

ተመልሰን ስንቀመጥ ሐጂ መዳፋቸውን ሊዘረጉ ነው። ፋርቱን ከፊታቸው ተንበረከከች።

«አዴር፣ አንዴ ይቆዩኝ። ዱዓው ለግንቡ ነው ለልጆቹ?»

«ለልጆቹ ነዋ። ግንብ ዱዓ ምን ያደርግለታል?»

«እንግዲያው ጀርባውን ሳያዩ አይባርኩልኝ። የውኃ መውጫ የለውም። እኔም አልረከብም።»

ሥራ ተቋራጩ ዓደን ብድግ አለ። «ወላሂ አቦ ፋርቱን፣ ሰው ለምግብ ተቀምጦ ይሄ ይነገራል?»

ሐጂ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱና ቀስ እያሉ ወደ ጀርባ ዞሩ፤ እኛም ሁላችን ተከተልን። ግንቡን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ዓደን ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ውኃው በየት ይውጣ ብለህ ነው?» አሉት።

ዓደን አንገቱን ደፋ። «ሠራተኞቹ ዘለውታል፣ እኔም ዞሬ አላየሁም። አስተካክላለሁ አዴር።»

«እንግዲያው ዱዓው ይቆያል» አሉ ሐጂ። «ሥጋው ግን አይቆይም። ኑ ብሉ።»

ሰው ሳቀና ወደ ምንጣፉ ተመለሰ። እትዬ በለጠች ግን አልበሉም፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። «ደስ ብሎኝ ነው የማለቅሰው፤ አትየኝ» አሉኝ። እኔም ኮራሁ፤ በፋርቱንም በእሳቸውም። በሕይወቴ ከበላሁት የርክክብ ሥጋ ሁሉ የጣፈጠኝ የዚያን ቀኑ ነው።

ዓደን ቃሉን ጠበቀ፤ ግንቡን በስቶ ቧንቧዎቹን አስገባ። ሁለተኛው ርክክብ ነሐሴ ላይ፣ ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ባደረ ማግስት ነበር። ከየቧንቧው ደፍራሽ ውኃ ይወርዳል። ሐጂ መዳፋቸውን ከአንዱ ሥር ዘርግተው አረጠቡትና፣ «አሁን ይሆናል» አሉ። እትዬ በለጠችን ከጎናቸው አቆሟቸው፤ ዱዓ አደረጉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን አልን። ፋርቱን ፈረመች።

በመመለሻችን ባጃጅ ውስጥ፣ «ታዲያ እትዬ፣ ክረምቱ ማለቁ ነው። ሊተዉት ነው?» አልኳቸው።

«ለመስከረም ክፍሉን ቀለም እያስቀባሁት ነው» አሉኝ። «አንተም እንደገና ትመዘገባለህ። ፍየል በልተህ ስንቱን እንደፈረምክ የማላውቅ መሰለህ?»