በምጤ ቀን አልነሳ ያለው መኪና

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ መኪና ማስነሻው ሞተሪኖ እየዞረ ሞተሩ አልነሳ አለ። ሰውዬው ቁልፉን ደጋግሞ ያዞራል፣ መኪናው ያጓራና ዝም ይላል። እኔ ደጄ ላይ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ሳላውቀው እጄ ሆዴ ላይ ሄዶ አረፈ፤ በዚህ ዕድሜዬ!

የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ ቤታችን ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መንገዱ አልደረቀም። አዋላጇ ሆዴን ስትዳስስ ፊቷ ተለዋወጠ። «ልጁ በጎኑ ነው የተኛ፤ አሁኑኑ ደሴ ውሰዷት» አለች። የባሌ ወንድም ሰይድ ከጅዳ ሲመለስ የገዛት አሮጌ የቤት መኪና ነበረችው። ደግፈው ከኋላ አስተኙኝ።

ሰይድ ቁልፉን አዞረ። ታጓራለች እንጂ አትነሳም። «ባትሪው ደህና ነው፣ ቤንዚንም አላት» እያለ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ባሌ በመስኮቱ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይለኛል። ልጄ በሆዴ ሲገላበጥ አዳምጣለሁ፣ ዝም ሲል እጄን ሆዴ ላይ እጭናለሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከውጭ የሰፈሩ ሴቶች ከበውን እኩሌቶቹ «ያ ፋጢማ!» እኩሌቶቹ «እመ ብርሃን!» ይላሉ።

«ካንዴላው እሳት አያገኝም» አለ ሰይድ። እጁን ወደ ሞተሩ ሰደደ፤ ሲያወጣው ውሃ ይንጠባጠባል። «ይህን ማን አረጠበው?»

«እኛ ነና!» አለች ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ፣ ኮራ ብላ። «አዋላጇ ውስጥ ሳለች ከሐይቁ በጀሪካን ቀድተን አጠብናት። ኮፈኗን ከፍተን ጓዳዋን ጭምር! ምጥ የያዛት ሴት በቆሻሻ ትሂድ እንዴ?»

ሰይድ ሊናገር አፉን ሲከፍት ባሌ ክንዱን ያዝ አደረገው። ሽርጡን ከወገቡ ፈቶ ሰጠውና በቁምጣ ቀረ። ሰይድ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ ክዳን ፈታ፣ ውስጡን ጠረገ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አደረቀ። እኔ ጥርሴን ነክሼ የወንበሩን ጨርቅ ጨምድጃለሁ። ክዳኑን መልሶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ። እልልታው እስከ አስፋልቱ ሸኘን። ደሴ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለድኩ።

ልጄ ዛሬ ራሷ እናት ናት። ሐይቅ ስትመጣ ከነዚያ ሴቶች በሕይወት የቀሩት እየሳሙ «በዱዓችን አይደል ያች መኪና የተነሳችልሽ!» ይሏታል። ሰይድም እዚያ ካለ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የውሃውን ነገር እስካሁን የነገራቸው የለም። እንዲያ ስጨነቅ ሲያዩኝ ሌላ የሚያደርጉልኝ ቢያጡ፣ ያላቸውን ሐይቅ ቀድተው ነው የሰጡኝ። «አሚን» እላቸዋለሁ፤ ከልቤ ነው።