የማነጻጸሪያው ክፍል

ተማሪዎቿ «ቱቦዋ» ይሏታል። ቀጭንና ረዥም ናት፤ ደግሞም የኬሚስትሪ መምህርት ናትና ከእጇ የመስታወት ቱቦ አይጠፋም። ስሙን መጀመሪያ የሰማች ቀን ከፍቷት ነበር። ታላቅ እኅቷ ግን ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ ልጆች ስም ማውጣት ከጀመሩ በቱቦ ብቻ ማለፍ ትልቅ ዕድል ነው ብላ ሳቀችባት።

ሁለቱ እኅትማማቾች የሚኖሩት ከስፌት ሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። ታናሿ አላገባችም። ለምን ብለው ሲጠይቋት ጊዜ አላገኘሁም ትላለች፤ እኅቷ ደግሞ ከጎን ጣልቃ ገብታ፣ ፈላጊውም ጊዜ አላገኘም ትላለች። እንዲህ እየተጎነታተሉ፣ አንዷ በክር አንዷ በኬሚስትሪ፣ ጎልማሳነታቸውን አጋመሱት።

በዚያ ከተማ ሰው በአንድ ቋንቋ ይወለዳል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፤ በሌላ ቋንቋ ደግሞ ይፈተናል። ቱቦዋም እንደ ሌላው ልጅ በዚሁ መንገድ ነው ያለፈችው። የኬሚካዊ ለውጥን ትርጉም ሸምድዳ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ዕለት እናቷ፣ እስቲ ምን ተማርሽ አሏት። አፏን ከፈተች፤ የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። ቃላቱ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ወደ ቤት የሚመጡበት መንገድ የላቸውም። እናቷ ደክሟት ነው ብለው አለፉት። እሷ ግን ያንን ዝምታ አልረሳችውም።

መምህርት ሆና ብዙ ዓመት ከሠራች በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር ስትገባ፣ የጥናት ርዕስ ለመምረጥ ሁለቴ አላሰበችም። ኬሚስትሪን በቤቱ ቋንቋ ማስተማር ልጆቹን ይረዳቸዋል ወይስ አይረዳቸውም? ጥያቄዋ ይኸው ነው። አንድ የምርምር ድጋፍ ሰጪ ድርጅት ሐሳቡን ወደደላት። ትምህርት ቤቱ ግማሽ ሥራዋን ሲቀንስላት፣ ድርጅቱ የጎደለውን ደመወዝና የጥናቱን ወጪ ሊሸፍን ተስማማ። የትምህርት ቢሮውም ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ለአንድ ክፍል ብቻ ፈቃድ ሰጠ። እንግዲህ ሁሉም ነገር በዚህ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ድጋፉ ከቆመ ጥናቱ ይቆማል፤ ጥናቱ ከቆመ ፈቃዱም ያበቃል።

የጥናቱ አካሄድ ቀላል ነው። አንዱን ክፍል እሷ በቤቱ ቋንቋ ታስተምራለች። ሌላውን፣ ማነጻጸሪያ የተባለውን ክፍል፣ ሌላ መምህር እንደ ወትሮው በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ያስተምራል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳሉ። ማነጻጸሪያውን ክፍል የያዙት ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው፣ ተማሪው ሁሉ «መቶ ዲግሪ» የሚላቸው አንጋፋ መምህር ነበሩ። ሲናደዱ ወዲያው ስለሚፈሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። በቤት ቋንቋ ሲያወራ የተገኘን ልጅ ከበሩ ጎን በአንድ እግሩ ያስቆሙ ነበር፤ ከከተማው ጎልማሳ ያልቆመ የለም ማለት ይቻላል። ቱቦዋም ቆማለች። እሳቸው ናቸው ያስተማሯት።

የተሳሳተችውም እዚህ ላይ ነው። በእቅዱ መሠረት የማነጻጸሪያውን ክፍል በየጊዜው ገብታ ማየት ነበረባት። መጀመሪያ ሰሞን ደብተሯን ይዛ እስከ በሩ ሄደች። እሳቸው ጠመኔያቸውን እንደያዙ ዞር ብለው ሲያዩዋት ግን ይሉኝታ ያዛት። ያስተማራትን ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ልትገመግም ነው? እንደምን አደሩ ብላ፣ ለሰላምታ የመጣች መስላ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በእረፍት ሰዓት በመምህራን ክፍል ሻይ እየጠጡ፣ ጋሼ፣ ክፍሉ እንዴት ነው ትላቸዋለች። እሳቸውም እንደ ወትሮው ነው ይሏታል። እሷም እንደ ወትሮው ነው ብላ በሪፖርቷ ትጽፋለች።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤት አስደሳች ነበር፤ የእሷ ክፍል ልጆች ከማነጻጸሪያው ክፍል በብዙ በለጡ። የሁለተኛው ዓመት ፈተና ትምህርት ሳይዘጋ ታርሞ ሲያልቅ ግን ከድርጅቱ ገምጋሚ መጣ። ትሑት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ የሁለቱን ክፍሎች ውጤት ጎን ለጎን ዘረጋላት። ልዩነት አልነበረም። ማነጻጸሪያው ክፍል ደርሶባቸዋል፤ በአንዳንድ ጥያቄዎች እንዲያውም አልፏቸዋል።

«ልጆቹን ያስተማራቸው ቋንቋው ሳይሆን ጊዜው ነው ማለት ነው» አላት፣ እንደማዘን ብሎ። ኮሚቴው የመጨረሻውን ዓመት ድጋፍ ለመወሰን በቅርቡ ይሰበሰባል። ማብራሪያ ካላት እዚያ ቀርባ ማስረዳት ትችላለች። ከሌላት ግን ድጋፉ ይቆማል፤ በመዝገባቸውም ላይ የቤት ቋንቋ ለውጥ አላመጣም ተብሎ ይጻፋል።

ከሁሉ ይልቅ የከበዳት ይህ የመጨረሻው ነገር ነበር። እንዲህ ተብሎ አንድ ጊዜ ከተጻፈ፣ ነገ ሌላ መምህር ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ፣ ሞክረን አይተነዋል ብለው ይመልሱታል።

በማግስቱ ክፍል በሌላት ሰዓት ማነጻጸሪያው ክፍል ወደሚማርበት ላብራቶሪ አመራች። እሷ ተማሪ ሳለች የመቶ ዲግሪ ድምፅ እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር፤ በራቸውም ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ተዘግቷል። አንዱ መስኮት መስታወቱ ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል። እዚያ ጋ ቆማ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

ሽማግሌው በቤቱ ቋንቋ ነበር የሚያወሩት። ድምፃቸውም የሌላ ሰው ነው፤ ዝግ ያለ፣ ጨዋታ ያለበት። በካርቶኑ ጠርዝ ስታይ፣ ብርጭቆ ውስጥ ጨው እየጨመሩ ያማስላሉ።

«አሁን ውሃው ጠገበ» አሉ። «ከዚህ በላይ ብታጎርሱት አይውጥም፤ ከሥር ያስቀምጠዋል።»

አንዲት ልጅ ሳትፈራ፣ «ታዲያ ብናሞቀው ይርበዋል?» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ። ይርበዋል፣ ኑና እንየው ብለው እሳቱን ለኮሱ። ወንበር ሲጎተት፣ ልጆቹ እየተጋፉ ወደ ጠረጴዛው ሲሄዱ ተሰማት።

በመጀመሪያ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ስትመኘው የኖረችው ትምህርት ይህ ነው። ደስታው ግን ብዙም አልቆየላት፤ የሰማችው ነገር ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ማነጻጸሪያ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለቱም ክፍሎች በቤቱ ቋንቋ ነው የተማሩት።

ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠበቀች። ሽማግሌው ቱቦ እያጠቡ ነበር።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻቸው።

ምኑ አላሉም። ውሃውን ዘጉና እጃቸውን በጋውናቸው አደረቁ። ከዚያ ሳያዩዋት ነገሯት። ካለፈው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ነው። በእሷ ክፍል መስኮት በኩል ሲያልፉ ስህተቷን ሊያገኙ ቆም ብለው ነበር። አስተማሪ ናቸውና ስህተት መፈለግ ልማዳቸው ነው።

«ልጆቹ ይጠይቁሽ ነበር» አሉ። «አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጠይቃል። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ፈርተውኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚጠይቁበት አፍ አልነበራቸውም።»

አንድ ቀን በሩን ዘግተው ሞከሩት። ከዚያ በኋላ መመለስ አቃታቸው። ጥናቱን እንደሚያበላሽ አላወቁም ማለት አይቻልም፤ ነገ አቆማለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያሉ ነው ፈተናው የደረሰው።

እሷ ስለ ኮሚቴው ነገረቻቸው። እውነቱን ካልተናገረች ምን ተብሎ እንደሚጻፍም ነገረቻቸው። ፊታቸው ቅጭም አለ። ያለ ፈቃድ በሌላ ቋንቋ ማስተማር በቢሮው ዘንድ ያስቀጣል፤ ጡረታቸው ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ቅጣቱ ግን እንዳላስፈራቸው ከዓይናቸው ታነባለች።

«በበር ያቆምኳቸው ልጆች ዛሬ የነዚህ ልጆች አባትና እናት ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም ቆመሻል። ስሜ ከተነሳ በምን ዓይኔ ነው መንገድ ላይ የማያቸው? እባክሽ ልጄ፣ ስሜን አታንሺ።»

ልጄ ብለዋት አያውቁም ነበር።

ማታ ለእኅቷ አወራቻት። እኅቷ የሰው ሱሪ እያሳጠረች በጥሞና ሰማቻት፤ ለወትሮው እንዲህ ዝም ብላ አትሰማም። ወሬው ሲያልቅ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ስማቸውን ባትጠሪም ያ ክፍል የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም አለቻት። ደግሞ፣ እሳቸው በሠሩት አንቺ ለምን ትንገበገቢያለሽ፣ ያኔ በአንድ እግርሽ አቁመውሽ ስታለቅሺ እያቀፍኩ ያስተኛሁሽ እኔ ነኝ አለቻት።

«እትዬ፣ አሁን ግን ክፉ አልሠሩም እኮ።»

«እሱ ነው ችግሩ» አለች እኅቷ። «ክፉ ቢሠሩ ኖሮ ዛሬ ተኝተሽ ታድሪ ነበር።»

የዩኒቨርሲቲ አማካሪዋንም በስልክ አማከረቻት። አማካሪዋ አጭር ሴት ናት፤ ንግግሯም አጭር ነው። እውነቱ በሙሉ ከተነገረ ጥናቱ እንደገና ሊነበብ ይችላል፣ እንዲያውም የሁለተኛው ዓመት ውጤት የሐሳቡን ትክክለኛነት ያሳያል አለቻት። ለዚህ ግን መምህሩ መጠየቅ አለባቸው፤ ተማሪዎቹም አስተማሪያችሁ በምን ቋንቋ አስተማሯችሁ ተብለው መመስከር አለባቸው። ቱቦዋ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ያችን ልጅ አሰበቻት። ብናሞቀው ይርበዋል ያለችው ልጅ ገምጋሚው ፊት ቀርባ በመምህሯ ላይ ስትመሰክር ታያት።

ኮሚቴው የተሰበሰበው መጋረጃው በተዘጋ ረዥም አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰብሳቢዋ ብርጭቆ ውሃ ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። ቱቦዋ ቆማ ልትናገር ነበር፤ ተቀመጪ አሏት።

«የሁለተኛው ዓመት ውጤት ምንም አያሳይም» አለች። «ማነጻጸሪያውን ክፍል ገብቼ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። በሪፖርቱ የጻፍኩት በወሬ የሰማሁትን ነው። ስለዚህ ቋንቋው ረድቷልም አልረዳምም ማለት አይቻልም። አልረዳም ብላችሁ እንዳትጽፉ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።»

ገምጋሚው መነጽሩን አወለቀ። ክፍሉ ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ ማለትሽ ነው ወይ፣ መምህሩን ጠርተን ብንጠይቅስ አላት።

«ክትትሉ የእኔ ሥራ ነበር» አለች። ሰብሳቢዋ እንዲህ ማለቷ ምን እንደሚያስከትል ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ድጋፉ ቆመ። ሪፖርት በወሬ የጻፈ ተመራማሪ ለሚቀጥለውም ዙር ማመልከት አይችልም ተባለ። በመዝገቡ ላይ ግን፣ ጥናቱ በአፈጻጸም ጉድለት ተቋርጧል ተብሎ ተጻፈ። አልረዳም የሚል ቃል አልገባበትም። ያተረፈችው ይህችን ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ የቀነሰላትን ሥራ ሁሉ መለሰላት። ፈቃዱ ስላበቃ የእሷ ክፍል ልጆችም ወደ ትምህርት ቤቱ ቋንቋ ተመለሱ። በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አወጡ። በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ጠይቁ ስትላቸው አንድ በአንድ እጃቸውን አወረዱ።

መቶ ዲግሪ በመምህራን ክፍል ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ወደ እሷ መጡ።

«ምን አልሻቸው?»

«አልተከታተልኩም አልኳቸው።»

«ዋሸሽልኝ።»

«አልዋሸሁም ጋሼ። አልተከታተልኩም።»

ያመሰግኑኛል ብላ አልጠበቀችም፤ ግን አንድ ነገር ጠብቃለች። እኔው ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ይሉ ይሆናል ብላ ልቧ በትንሹ ተንጠልጥሎ ነበር። እሳቸው ግን ሻያቸውን ሳይጨርሱ ብርጭቆውን አስቀመጡና፣ ለጤናሽ እረፍት ውሰጂ፣ ከስተሻል ብለዋት ወጡ።

በሌላው ሳምንት በላብራቶሪው በኩል አለፈች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሽማግሌው በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ትርጉም ያጽፋሉ፣ ድምፃቸው እስከ ግቢው በር ይሰማል፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። አንድም የሚጠይቅ የለም። ቱቦዋ ደብተሮቿን በደረቷ አቅፋ ቆመች። ያዳነቻቸው ስማቸውን ነው። ያ በሩን ዘግቶ የሚስቀው መምህር ግን፣ ስሙን ብትጠራ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይስ አይተርፍም ብላ ራሷን ጠየቀች። ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ ዞር ብላ አየቻትና እንደገና ወደ ሰሌዳው ተመለሰች። ደወሉ ሲደወል ቱቦዋ ወደ ክፍሏ ሄደች።