ልቀቂ አልኳት

ዛሬ ወልድያ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ የፍሬን ዘይት ሸተተኝና ልቤ መርሳ ግቢያችን ገባ። ጦርነቱ እየቀረበ ነበር። አባዬ ከመኪናችን ሥር ተኝቶ፣ በለወጠው የፍሬን ቱቦ ውስጥ የቀረውን አየር ያስወጣል። ፔዳሉን እንድትረግጥ የመረጠው እኅቴን ዘሀራን ነው። በሹፌር ወንበር ላይ ስትኮራ አንጀቴ አረረ።

አባዬ "ያዢ!" ሲላት፣ ድምፁ በደንብ እንዳልደረሳት አይቼ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ "ልቀቂ አለሽ" አልኳት። ለቀቀች፤ አየሩ ተመልሶ ገባ። እንደገና ለመጀመር ዘይት አልተረፈም፤ ሱቁም ሁሉ ተዘግቷል።

"ምነው ልጄ?"

"እግሬ አዳለጠኝ፣ አባዬ" አለች፣ እኔን እያየች።

"ኸይር ነው። እግር ፍሬን አይፈልግም" ብሎ ሳቀ። ነገሩ የገባኝ በማግስቱ፣ መኪናውን ትተን ወደ ውርጌሳ በእግራችን ስንሸሽ ነው።

ዘሀራ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችብኝም። ያኔ በወንበሯ ቀናሁባት፤ አሁን በልቧ።