የሰማይ ቁራሌ

ያ ድንጋይ ሁለት የፊት ጥርስና የዘጠኝ ዓመት ሸሪክ አስከፍሎኛል።

ከሸሪኬ ጋር ቡራዩ ላይ ውዳቂ ብረት እንገዛ ነበር። አንድ ረፋድ ከሱሉልታ በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ በማዳበሪያ ከረጢት የተቋጠረ ጥቁር ድንጋይ ከሚኒባስ አወረዱ። «ማረሻዬን የሰበረ ነው፤ ብረት ከሆነ መዝናችሁ ግዙኝ» አሉ። ማግኔት ስናስጠጋ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ከግቢያችን ተከራይቶ የሚኖረው የፊዚክስ አስተማሪ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ከሰማይ የወደቀ ሳይሆን አይቀርም። ፀሐይ ስትሠራ የተረፈ።»

መጀመሪያ የጋዝና የአቧራ ደመና ነበር አለን። ደመናው በራሱ ክብደት ተሰብስቦ ሲሽከረከር መሐሉ ፀሐይ ሆነ። ዙሪያው የቀረው እርስ በርሱ ሲላተም፣ ትልቁ ትንሹን ሲውጥ፣ ምድርና እነማርስ ወጡ። ጨረቃም የአንድ ክፉ ግጭት ስባሪ ናት ይላሉ። በማርስና በጁፒተር መሐል ያለውን ፍርስራሽ ግን ግዙፉ ጁፒተር እየጎተተ ስለሚበጠብጠው ዓለም ሳይሆን ቀረ።

«ታዲያ ቁራሌ ነዋ!» አልኩት።

«ቁራሌስ ቁራሌ ነው፤ ግን ምድርን በዕድሜ ይበልጣታል።»

የሸሪኬ ዓይን ተቀየረ። «ገዢ አላጣለትም፤ እኔ ልያዘው።»

«አንተ ይዘኸው የተመለሰ ዕቃ አለ እንዴ?»

በእኛ ሥራ ሁለት ሰው በአንድ ዕቃ ካልተስማማ የሚዳኘው መዶሻ ነው፤ ከመሐል ይፈለጣል። አስተማሪው «ኧረ አትንኩት፣ ዋጋው ሳይሰበር ነው!» እያለ ሲጮህ ትልቁን መዶሻ አነሳሁ። በስድስተኛው ምት ተፈለጠ። ውስጡ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ክፋቱ፣ አንዱ ስባሪ ትልቅ፣ ሌላው ጭብጥ የማይሞላ ሆነ።

ትልቁን ሁለታችንም ያዝን። በክርኔ አፍንጫውን አደቀቅሁት፤ ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። እሱ በፌሮ ቁራጭ አፌን አለኝ። ተናንቀን ሚዛኑ ላይ ወደቅን።

«ዘጠኝ ዓመት በላኸኝ፣ አንተ ሌባ!» አልኩት።

«ሌባስ አንተ!»

ጉሮሮውን ይዤ ፊቱ እስኪጠቁር አልለቀቅኩም። አስተማሪው ነው ጣቶቼን አንድ በአንድ ያላቀቀው።

ቀና ስንል ሽማግሌው ሁለቱን ስባሪ ከረጢታቸው ውስጥ ከተዋል።

«ኦቦ፣ ወዴት ነው?» አልኳቸው ደም እየተፋሁ።

«ገልቱዎች! መች ሸጥኩላችሁ? ሚዛን ላይ እንኳ አልወጣም። የድርቆሼን ሸራ ነፋስ እንዳያነሳው እጭንበታለሁ።»

ድንጋዩ ሱሉልታ፣ ድርቆሽ ላይ ነው። ሸሪኬ ሰበታ የራሱን ቤት ከፍቷል፤ አንነጋገርም። ጥርሶቼን አላስተከልኩም።