ካፖርት የለበሰው አባቴ

ሰም የተቀባ የእንጨት ወለል በሸተተኝ ቁጥር፣ እናቴ ጄኔቫ ውስጥ በጽዳት ትሠራበት የነበረው ሙዚየምና የዘጠኝ ዓመት ልጅነቴ አብረው ይመጡብኛል። እኔ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ጄኔቫ ዳር ቬርኒየ ስኖር፣ አባቴ ፐርሚው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የዙሪክ ስለነበር እዚያው ዙሪክ ኦርሊኮን ሰፈር ተቀምጦ ይሠራ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ እሑድ ከሰዓት በባቡር ይመለስ ነበር። ወደ ጄኔቫ ለመዛወር ያቀረበው ማመልከቻ አንዴ ውድቅ ሆኖበት ተስፋ ቆርጦ ነበር።

ቅጠል በሚረግፍበት ወር ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እናቴ ወደ ሥራዋ ይዛኝ ትሄድ ነበር። እሷ ስታጸዳ እኔ አንድ ሥዕል ፊት እቆም ነበር፤ ባልየው መጽሐፍ ይዞ፣ ሚስትየዋ ሻይ እየቀዳች፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ከቡችላ ጋር እየተጫወቱ። አንዲት አሮጊት የሙዚየሙ ጠባቂ አይታኝ፣ ሠዓሊው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ እንደነበር፣ ቤተሰቦችን በየቤታቸው ይስል እንደነበር፣ አብረው መቀመጥ ያልቻሉትንም ለየብቻ ስሎ አንድ ክፍል ውስጥ ያገናኛቸው እንደነበር ነገረችኝ።

«ታዲያ ሥዕሉ ውሸት ነው?» አልኳት።

«አይ፣ ቤተሰቡ የተመኘው ነው» አለችኝ።

በረዶው ሲጀምር እኔም ጀመርኩ። እናቴን ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ወንድሜን ሶፋው ላይ ተኝቶ፣ አባቴን በመጣ ቁጥር ጥቂት በጥቂት እስል ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ለፍቼ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አሰባሰብኳቸው።

ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ ጨርሼ ሳሎን ሰቀልኩት። አባቴ ቅዳሜ መጥቶ ፊቱ ቆሞ ብዙ ካየው በኋላ፣ «ሁላችሁም እንደ ቤታችሁ ተቀምጣችኋል፤ እኔን ብቻ ለምን ካፖርት አለበስሽኝ?» አለኝ።

«አንተማ ሁልጊዜ ልትሄድ ነዋ፣ አባዬ!»

እናቴ «አንቺ ልጅ!» ብላ ተቆጣችኝ። አባቴ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «ሰኞ እንደገና አመለክታለሁ። ሥራም እዚሁ እፈልጋለሁ» አላት።

በጋው ሲገባ አንድ የጄኔቫ ዳቦ ቤት ቀጠረው፤ ፈቃዱም መጣለት። ሁለት ሻንጣ ይዞ የገባው ረቡዕ ቀን ስለነበር፣ ወንድሜ ግራ ገብቶት «ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

አሁን እኔ ነኝ ዙሪክ የምሠራው፤ እናትና አባቴ ጡረታ ወጥተው ቬርኒየ አሉ። ያኔ አባቴ በሌለበት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ራታችንን በዝምታ እንበላ ነበር። ዛሬ ስደውል ሁለቱም ስልኩን እየተሻሙ በአንድ ጊዜ ያወራሉ፤ የአንዳቸውም ነገር በቅጡ አይሰማኝም፣ እኔም ተራ በተራ አውሩ አልላቸውም።