ጣውንቶቹ የሰፉት ድሪቶ

ዛሬም ሮቤ ገበያ በልብስ ሰፊዎቹ በኩል ሳልፍ፣ በከሰል ካውያ የተተኮሰ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ የአባቴ ሁለት ሚስቶች ትዝ ይሉኛል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ጎባ ቤት ተከራይቼ ልማር በተባለበት ክረምት አንድ ጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቅ አምጥቶ ለእናቴና ለታናሽ ሚስቱ አካፈለና፣ ለብርዱ ለብሼው የምተኛው ድሪቶ እንዲሰፉልኝ አዘዘ። ይታረቃሉ ብሎ ይመስለኛል። እነሱ ግን አንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። በየክፍላቸው ተቀምጠው ሁለት ሁለት ቁራጭ አጋጥመው ይሰፋሉ፤ እኔ ከሁለቱም ተቀብዬ ባለ አራት ቁራጭ አደርገውና ከተሰፋው ጋር አያይዘዋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ድሪቶው ሊያልቅ ሲል እናቴ የጣውንቷን ስፌት በምላጭ ስትፈታ ሴትየዋ ደረሰችባት።

«ስፌቴ ምን አደረገሽ?»

«ልጄ የአንቺን እጅ ለብሳ አትተኛም» አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል። ከዚያ ስለ መካንነቷ ጨመረችበት። ያንን ዛሬም ልደግመው አልወድም።

ሴትየዋ መቀሱን አንስታ ድሪቶውን ከመሀል ቆረጠችና ግማሹን ይዛ ወጣች።

ጎባ የሄድኩት ቀሪውን ግማሽ ይዤ ነው። ጉልበቴን አጥፌ ካልተኛሁ እግሬ ውጭ ያድር ነበር። ብርዱ ሲጠና አባቴ ታናሿን እንደፈታት ሰማሁ። ብዙም ሳይቆይ ከትምህርት ቤት ስመለስ የክፍሌ ደጃፍ ላይ ሻንጣዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። እንድትገባ ብለምናት እምቢ አለች። የእኔን ግማሽ አስመጥታ፣ የራሷን ከፌስታል አውጥታ፣ እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን አጋጠመቻቸው። መርፌውን የምትሰካው ሰው እንደምትወጋ ነበር። ስትጨርስ እግሬ ስር ጣለችልኝ።

«እናትሽን አፉ አላልኳትም፤ እንዲያ ብለሽ ንገሪያት።»

ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ ሚኒባሶቹ ስትሄድ ዞራ አላየችኝም። ከዚያ ወዲያ አላገኘኋትም።

ትምህርት ተዘግቶ ቤት ስገባ እናቴ ድሪቶውን ዘርግታ የመሀሉን ስፌት አየች። የሆነውን፣ የተላክሁትንም ቃል ነገርኳት። ምላጭ ታነሳለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ብቻዋን ነበረች?» አለችኝ።

«ብቻዋን።»

ድሪቶውን አጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ማዶ የተዘጋውን የጣውንቷን በር እያየች ብዙ ቆየች።