እትዬ የሺ ልጇን ስትጠብቅ

እዚህ ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ከጨርቅ ሱቄ ጀርባ ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች ተከራይተው የሚኖሩበት ግቢ አለ። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ የተቆላ ተልባ ሽታ ከዚያ ግቢ ተነስቶ አጥሩን ይሻገራል። ዘንድሮም ተሻገረና እጄ ላይ የነበረውን ጨርቅ መለካት ትቼ ቆሜ ቀረሁ። ደንበኛዬ ምን እንደሆንኩ ብትጠይቀኝ «ምንም» አልኳት። እንዴት ብዬ ልንገራት? ሽታው ከሱቁ አውጥቶ ድሬዳዋ፣ እትዬ የሺ ግቢ፣ የኒም ዛፉ ሥር አስቀምጦኝ ነበር።

የተወለድኩት ሀርጌሳ ቢሆንም ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ከተማችን በጦርነት ስትፈርስ እናቴ ፋጡማ እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ይዛ ድንበር ተሻገረች፤ አባቴ «እደርስባችኋለሁ» ብሎ ወደ ኋላ ቀረና ወሬው ጠፋ። ቤት ያከራየችን እትዬ የሺ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን ረጅም ክርስቲያን ሴት ነበረች። አንድ ልጇ ዳንኤል ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህ ሆኖ በአንድ ግቢ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ባሏን አንዷ ልጇን ይጠብቁ ነበር።

ስሜ ሆዳን ነው። የሰፈሩ ልጆች አማርኛ ማወቅ ስጀምር የመጀመሪያ ትምህርቴ አድርገው «ሆዳም» እያሉ ጠሩኝ፤ ሳልበላ ስሙ ወጣልኝ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ የሺ ይህን ስትሰማ እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «ሆዴ» ብላ ጠራችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ ሌላ ስም አልነበረኝም። ድሬዳዋ አንቱታ የማያውቅ ከተማ ስለሆነ እኔም «አንቺ» እያልኳት አደግኩ።

ጾሟና ረመዳን የገጠሙበት ዓመት ደግሞ አለ። እናቴ የመግሪብን አዛን፣ እሷ የቅዳሴውን መውጫ እየጠበቁ ሁለቱም ከንፈራቸው ደርቆ ይውሉና፣ እኛ ልጆቹ በመሀል ለእኛ የተበጠበጠውን ተልባ እየጠጣን አፋችን ዙሪያ ቡናማ ጢም እናበቅል ነበር። እትዬ የሺ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እናቴን «ፋጤ፣ ዛሬም ሁለቱንም በስማቸው ጠርቻቸዋለሁ» ትላታለች፤ እናቴም የባሏ ስም በዚያች ሴት አፍ በየቀኑ እግዚአብሔር ፊት እንደሚነሳ ስታውቅ ትጽናና ነበር። አልቅሳ የምታድረው እናቴ ነበረች። እትዬ የሺ ደጅ ደጁን ስታይ አይቻት አላውቅም። ግቢዋን ትጠርጋለች፣ የታመመ ትጠይቃለች፣ የዳንኤልን አልጋ አንሶላ በየሳምንቱ ታጥባለች፣ ከልቧም ትስቃለች።

የሰሜኑ ጦርነት አልቆ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ወታደሮች በባዶ እግራቸው፣ አንዳንዱ በክራንች፣ ወደየአገራቸው በድሬዳዋ ማለፍ ጀመሩ። ሳምንታት አልፈው ዳንኤል ሳይመጣ ሲቀር የእትዬ የሺ ባል ወንድም ዘመድ አስከትሎ መጣና «የሺ፣ በቃ እርምሽን አውጪ» አላት። ቁጭ አድርጋ ከሰማቻቸው በኋላ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «መርዶ ካላችሁ ንገሩኝ። ግምት ይዛችሁ መጥታችሁ ግን ልጄን አትቅበሩብኝ» አለቻቸው። አእምሮዋ ተነክቷል እየተባባሉ ወጡ።

እሷ ግን በማግስቱ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና የሚያልፈውን ወታደር ሁሉ እየጠራች ማስገባት ጀመረች። እግራቸውን በለብታ ውኃ ታጥባለች፣ ያላትን ታበላለች፣ እናቴም ሩዝ እየቀቀለች ታግዛት ነበር። ስለ ልጇ የምትጠይቀው በልተው ከጠገቡ በኋላ ብቻ ነው። እናቴ ይህን ትዕግሥት አልቻለችውምና አንድ ቀን «ለምን መጀመሪያ አትጠይቂም?» ብትላት፣ «የተራበ ሰው የምወደውን ሊነግረኝ ሲል ይዋሻል፤ ደግሞም እኔን ደስ ሊያሰኝ አይደለም የመጣው፣ ርቦት ነው» አለቻት።

አንድ ከሰዓት ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ወጣት ገባ። ውኃውን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ምግቡን ጀምሮ ቀና ሲል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዳንኤልን ፎቶ አየና እጁ አየር ላይ ቀረ። እትዬ የሺ እጁን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ ቀስ ብላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሞቷል?» አለችው።

አንገቱን ደፋ።

«ብቻውን ነበር?»

«አይ፣ እናቴ። እኔ አብሬው ነበርኩ። እስኪያልፍ እጁን ይዤው ነበር።»

እናቴ በሩ ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ወጣቱ ሊነሳ ሲል እትዬ የሺ ትከሻውን ይዛ መለሰችው፤ «ብላ። መንገድህ ገና ነው» አለችው፣ እስኪጨርስም አጠገቡ ተቀምጣ በገዛ እጇ አጎረሰችው። እጁን አስታጥባ፣ ግንባሩን ስማ፣ ስንቅ ቋጥራ በር ድረስ ሸኘችው። ከዚያ ተመልሳ ጓዳ ገባች፤ ያን ጊዜ የሰማሁትን ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰምቼ አላውቅም።

ከአርባው በኋላ እንደ ወትሮዋ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አየኋትና አልቻልኩም። «እግዚአብሔርን ያን ሁሉ ዘመን ለምነሽው ከለከለሽ አይደል?» አልኳት። እናቴ ቆነጠጠችኝ። እትዬ የሺ ግን ጎንበስ ብላ ዐይኔን እያየች፣ «ለካ እኔ ልጄን ስጠብቅ እሱ እኔን ሲጠብቀኝ ነበር፣ ሆዴ። ባይጠብቀኝማ ያን ልጅ ምግቡን በየትኛው ጉልበቴ አስጨርሰው ነበር?» አለችኝና ሄደች። የአባቴን ስም ያን ቀንም እንደጠራችው በኋላ ለእናቴ ስትነግራት ሰማሁ። የልጇ መንገድ ከተዘጋ በኋላ ለሌላዋ ባል መለመኗን አላቆመችም።

አባቴ በሕይወት ተገኘ፤ ወደ ሀርጌሳም ተመለስን። እናቴ ጣሪያ አልባ ቤታችንን አባቴ እንደገና ሲሠራ ቆርቆሮ እስኪገኝ በድንኳን ስንኖር አንድም ቀን ስታማርር አልሰማሁም፤ ትዕግሥቷን ከየት እንዳመጣችው ለሚጠይቋት ጎረቤቶች «አንዲት ክርስቲያን እህት ነበረችኝ» ትላቸው ነበር። እትዬ የሺ ማረፏን የሰማነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ ሄጄ ግቢዋን ፈለግኩት፤ የኒሙ ዛፍ ተቆርጦ ፎቅ ቆሞበታል፣ ስሟን የሚያውቅ ሰውም አላገኘሁም። እናቴም ዘንድሮ አለፈች፤ ስለ እሷ የማወራው ሰው የለኝም።

ተልባው የሸተተኝ ቀን ከሱቅ ስገባ ታሪኩን ለትንሿ ልጄ በሶማሊኛ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝና፣ «ታዲያ ልጇ ካልመጣ በከንቱ ጠበቀች ማለት ነው?» አለችኝ። እንደዚያ የሚጠብቅ ሰው አይታ አታውቅምና አልፈረድኩባትም።